የቢራቢሮ ማሳደጊያ ጎጆ፦ ዕቃው የተዋጣለት፣ መመሪያው ግን ወቅትን የዘነጋ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በምንኖርበት አፓርታማ በረንዳ ላይ ለቡና ብዬ የተከልኩትን ጤና አዳም ባለፈው ዓመት በጳጉሜን አባጨጓሬዎች ሰፈሩበት። አረንጓዴ ገላቸው በጥቁር መስመርና በቢጫ ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ ነበር። እዚህ አገር ብላክ ስዋሎውቴይል የሚባለው ትልቅ ጥቁር ቢራቢሮ እንቁላሉን የሚጥለው በእንስላል፣ በፓርስሊ፣ በካሮት ቅጠልና በጤና አዳም ላይ ነው። ስድስቱን ከልጄ ጋር ለማሳደግ ወስነን ከኢንተርኔት ሱቅ ሁለት የመረብ ጎጆዎች ያሉበትን ጥቅል በ30 ዶላር ገደማ ገዛን። ይህን አስተያየት የምጽፈው ዕቃውን ከመስከረም እስከ ግንቦት ከተጠቀምኩበት በኋላ ነው።

ስለ ዕቃው ጥራት ቅሬታ የለኝም። መረቡ ጥገኛ ዝንቦችንና ተርቦችን የማያሳልፍ ጠባብ ቀዳዳ ያለው ሲሆን፣ ዚፑም እስካሁን አልተበላሸም። የተቆረጠ ቅጠል የሚቀመጥባቸው የውሃ ቱቦዎች ክዳን ስላላቸው አባጨጓሬ ገብቶ አይሰጥምም።

ችግሩ ያለው በመመሪያው ላይ ነው። ወረቀቱ አባጨጓሬው ፑፓ ከሆነ፣ ማለትም ራሱን ከእንጨት ጋር በሐር ክር አስሮ ደረቅ ቅጠል መስሎ ከተቀመጠ በኋላ፣ ከ10 እስከ 14 ቀናት ውስጥ ቢራቢሮ ሆኖ እንደሚወጣ ይናገራል። ይህ በሰኔና በሐምሌ እውነት ነው። ለመስከረም ግን አይሠራም፤ ወረቀቱም ስለ ወራት አንድ ቃል አልጻፈም።

እኛ ይህን ሳናውቅ አንዱን ጎጆ ሳሎን፣ ሌላውን በረንዳ ላይ አስቀመጥን። ሳሎናችን ሞቃት ነው፤ መብራቱም እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ይበራል። የሳሎኖቹ ሦስት ፑፓዎች ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ቢራቢሮ ሆነው ወጡ። የበረንዳዎቹ ሦስቱም ቡናማ ሆነው ዝም አሉ። ልጄ ሞተዋል ብላ አለቀሰች፤ እኔም ሞተው እንደሆነ ልነግራት የምችለው ነገር አልነበረኝም። አልሞቱም ነበር። የሥነ ነፍሳት ባለሙያዎች ዳያፖዝ በሚሉት የወቅት እንቅልፍ ውስጥ ነበሩ።

አባጨጓሬ ይህን እንቅልፍ የሚወስነው ብርዱ ከመምጣቱ ከሳምንታት በፊት፣ ገና ቅጠል እየበላ ሳለ፣ የቀኑን ርዝመት በመለካት ነው። በእኛ አካባቢ ቀኑ በሰኔ አጋማሽ ወደ 15 ሰዓት የሚጠጋ ሲሆን፣ በመስከረም አጋማሽ 12 ሰዓት ያህል ብቻ ይሆናል። ቀኑ ሲያጥር አንጎል ለእድገት የሚያስፈልገውን የሆርሞን ትእዛዝ ያቆማል፤ ፑፓውም ለወራት ብርድ ካገኘ በኋላ በጸደይ ሙቀት ይነቃል። የሳሎኖቹ አባጨጓሬዎች ግን በመብራታችን ምክንያት 16 ሰዓት ያህል ብርሃን ያዩ ስለነበር፣ ሙቀቱም ተጨምሮበት፣ ገና በጋ አጋማሽ ላይ ያሉ መስሏቸው እድገታቸውን ቀጠሉ። ለቀናት በስኳር ውሃ አቆይቼ ፀሐይ በወጣበት ቀን ለቀቅኳቸው። ሆኖም እንቁላል ቢጥሉ እንኳ ልጆቻቸው ውርጩ ሳይቀድማቸው ፑፓ ለመሆን ጊዜ እንደማይበቃቸው አውቅ ነበር፤ ይህም እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

እኔ በአንድ አምፖል የፈጸምኩትን ስሕተት የአየር ንብረት ለውጥ በሰፊው ሜዳ ላይ እየፈጸመው ይመስላል። የቀን ርዝመት በምድር መሞቅ አይለወጥም፤ የመጸው ሙቀት ግን እየረዘመ ስለሆነ ሁለቱ ምልክቶች መስማማታቸውን ያቆማሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የቤልጂየም ተመራማሪዎች ዎል ብራውን የተባለው ቢራቢሮ ከአገሪቱ መሀል የጠፋበትን ምክንያት ሲፈልጉ ተመሳሳይ መላ ምት አቅርበዋል፦ ሞቃቱ የበጋ መጨረሻ አባጨጓሬዎቹን ከመተኛት ይልቅ ለሦስተኛ ትውልድ ያነሣሣቸዋል፣ የዚያ ትውልድ ልጆች ደግሞ ብርዱን ለመቋቋም ሳይደርሱ ያልቃሉ። በሌላ በኩል በጊዜው የተኛ ፑፓም ቢሆን መጸው ሲሞቅ ያጠራቀመውን ስብ ቶሎ ይጨርሳል። እንቅልፉ እስከ ጸደይ አያበቃምና፣ ይህ ስብ ለወራት የሚያቆየው ስንቁ ነው።

ስለዚህ ጎጆውን ለመግዛት ለምታስቡ ሁሉ ዕቃውን ያለ ስጋት እመክራለሁ፤ በመመሪያው ላይ ግን አትደገፉ። ከነሐሴ መጨረሻ በኋላ ያገኛችሁትን አባጨጓሬ የመንገድም ሆነ የቤት መብራት በማይደርስበት ውጭ አሳድጉ፤ ፑፓውንም ዝናብ በማያጥለቀልቀው ጥላ ሥር ተዉት። አዝናችሁ ወደ ሞቀ ክፍል አታስገቡት፤ ያለ ጊዜው ይነቃል፣ ወይም ይደርቃል። ሻጩ ድርጅትም በወረቀቱ ላይ ይህን የሚገልጹ ሦስት መስመሮች ቢጨምር የብዙ ልጆችን ዕንባ ያስቀራል።

ከበረንዳዎቹ ሦስት ፑፓዎች አንዱ ደርቆ ቀረ። ሁለቱ በሚያዝያ መጨረሻ፣ ጤና አዳሙ አዲስ ቅጠል ባወጣበት ሳምንት ወጡ።