የብራስልስን ቢራ ጠማቂዎች ለመጎብኘት የትኛው ትኬት ይሻላል? የጎብኚዎች አውቶቡስ፣ የአስጎብኚ ቅምሻ እና ትራም ሲነጻጸሩ

ብራስልስ ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን ያለውና ያንን ቀን ለከተማዋ አነስተኛ ቢራ ጠማቂዎች ሊሰጥ የወሰነ ሰው ሦስት አማራጮች ይቀርቡለታል። የመጀመሪያው በተለምዶ «ሆፕ ኦን ሆፕ ኦፍ» የሚባለው፣ በአንድ ትኬት ቀኑን ሙሉ በፈለጉበት ፌርማታ እየወረዱ እንደገና የሚሳፈሩበት ባለ ፎቅ የጎብኚዎች አውቶቡስ ነው። ሁለተኛው በአስጎብኚ እየተመሩ በእግር የሚደረግ የቢራ ቅምሻ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ማንም ጉብኝት ብሎ የማያስተዋውቀው የከተማዋ ትራንስፖርት ድርጅት፣ የስቲብ፣ ተራ የትራም ትኬት ነው። አቋሜን ከወዲሁ ለመግለጽ፣ ዓላማው ቢራ እስከሆነ ድረስ «እየወረዱ መሳፈር» የሚለውን ሐሳብ ከሦስቱ በተሻለ የሚያሟላው ትራሙ ነው፤ ይሁን እንጂ ሌሎቹ ሁለቱም ትክክለኛ ምርጫ የሚሆኑላቸው ገዢዎች አሉ፤ እነማን እንደሆኑ ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከዋጋው ሳይሆን ከካርታው ነው። የቢራ ጠማቂዎች ማኅበር ጥንታዊ ቤት ዛሬም በግራን ፕላስ አደባባይ ላይ ቆሞ ይታያል፤ ቢራው የሚጠመቀው ግን ሌላ ቦታ ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችበት የሴን ወንዝ እ.ኤ.አ. ከ1867 እስከ 1871 በተካሄደ ግንባታ መሐል ከተማው ላይ ተሸፍኖ ከምድር በታች እንዲፈስ ተደርጓል። ፋብሪካዎች፣ መጋዘኖችና የሠራተኛ ሰፈሮች ደግሞ ከመሐል ከተማው በስተ ምዕራብ የሚያልፈውን የጀልባ ቦይ ተከትለው አድገዋል። ሰፊ አዳራሽ የሚፈልጉት የዛሬዎቹ ጠማቂዎችም በአብዛኛው የሰፈሩት በዚሁ የቦይ መስመር ነው። ከሰሜን ብንጀምር፣ ቱር ኤ ታክሲ በተባለው የቀድሞ የጭነት ጣቢያ አካባቢ ብራስሪ ደ ላ ሴን ይገኛል። ቦዩን ይዘን ወደ ደቡብ ስንወርድ በዳንሳር ጎዳና ጫፍ ላይ የብራስልስ ቢር ፕሮጀክት የመጀመሪያው ጠመቃ ቤት አለ። ከዚያ በታች፣ አንደርሌክት በተባለው የከተማዋ ክፍል፣ ካንቲዮን እና ለርሚታዥ በጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ተራርቀው ይሠራሉ፤ ከእነርሱ አለፍ ብሎ እዚያው ቦዩ ዳር የብራስልስ ቢር ፕሮጀክት ትልቁ ፋብሪካ ይገኛል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርቀት ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

የጎብኚዎቹ አውቶቡስ መስመር የተቀየሰው ግን ለሌላ ፍላጎት ነው። በአንድ በኩል ወደ አቶሚየም፣ በሌላ በኩል ወደ አውሮፓ ኅብረት ተቋማት ሰፈር የሚዘልቅ ሲሆን፣ ከየትኛውም ጠማቂ በር ላይ አያወርድም። የአውቶቡሱ ሰዓትም ከጠማቂዎቹ ሰዓት ጋር አይገጥምም። እንዲህ ያሉ አውቶቡሶች ሥራቸውን የሚጨርሱት አመሻሽ ላይ ነው፤ ከካንቲዮን በስተቀር አብዛኞቹ የጠማቂዎች ድራፍት ቤቶች ሞቅ የሚሉት ደግሞ ከሰዓት በኋላና ማታ ነው። ስለዚህ ከ20 ዩሮ በላይ ተከፍሎበት የተገዛ የ24 ሰዓት ትኬት፣ ገዢው በትክክል በሚፈልገው ሰዓት አገልግሎት ላይሰጥ ይችላል። ትኬቱ 24 ሰዓት ይላል እንጂ አውቶቡሱ 24 ሰዓት አይሄድም፤ ከመክፈልዎ በፊት የመጨረሻው ጉዞ የሚነሳበትን ሰዓት መጠየቅ ይገባል።

ያም ሆኖ አውቶቡሱ ቢራ ዋና ጉዳያቸው ላልሆነ፣ ልጆች ወይም በዕድሜ የገፉ ወላጆች ይዘው ለሚጓዙ ሰዎች የተሻለው አማራጭ ነው። እናትና አባት ተቀምጠው ከተማውን ያያሉ፤ ቢራ የሚወደውም የቤተሰብ አባል መሐል ከተማ ላይ ወርዶ ቡርስ በተባለው የቀድሞ የአክሲዮን ገበያ ሕንፃ ውስጥ በሴፕቴምበር 2023 የተከፈተውን ቤልጂያን ቢር ወርልድ መጎብኘት ይችላል። የዚህ ቦታ መግቢያ ከሕንፃው ጣሪያ ላይ የሚጠጣ አንድ ቢራን ይጨምራል። ይሁን እንጂ ቦታው የቤልጂየምን የቢራ ባህል፣ ዩኔስኮ በ2016 በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበውን ባህል፣ የሚያሳይ ኤግዚቢሽን ነው፤ ብቅልና እህል ሲቀቀል የሚሸትበት ጠመቃ ቤት አይደለም። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማሰብ ገዢዎችን በብዛት የሚያሳስት ነገር ነው።

የአስጎብኚ ቅምሻ ከሦስቱ ውዱ ሲሆን ብዙውን ጊዜ በአንድ ሰው ከ40 ዩሮ በላይ ያስከፍላል፤ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ይፈጃል፤ የቅምሻው ቢራ በዋጋው ውስጥ ይካተታል። ለዚህ ገንዘብ የሚገኘው ዋና ነገር ማብራሪያ ነው፤ የቤልጂየም ቢራ ዝርዝር ለጀማሪ የማያልቅ ጫካ ስለሚሆንበት፣ በገዳም ግቢ የሚጠመቀውን ትራፒስት፣ የገዳም ስም ብቻ ከያዘው ቢራ፣ ያንንም እርሾ ሳይጨመርበት በራሱ ከሚፈላው ላምቢክ ለይቶ የሚያሳይ ሰው አጠገብ መኖሩ በቀሪው የጉዞ ቀናት ሁሉ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ «የብራስልስ ቢራ ጉብኝት» ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ የሚዞሩት በመሐል ከተማ ያሉ ቡና ቤቶችን እንጂ ጠማቂዎችን አይደለም፤ በብርጭቆ የሚቀርበውም ቢራ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ሊሆን ይችላል። ትራፒስት ቢራ በተፈጥሮው ከብራስልስ አይመጣም። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት ስንት ጠማቂ ቤት ውስጥ እንደሚገቡ፣ የሚቀመሰው ቢራ በሳንቲ ሊትር ስንት እንደሆነ፣ እንዲሁም የማይጠጣ ሰው ሙሉ ዋጋ ይከፍል እንደሆነ ይጠይቁ። የመጨረሻው ጥያቄ ለእኛ ሰው ቀላል አይደለም፤ በአንድ ቤተሰብ ወይም በአንድ የጓደኛ ቡድን ውስጥ በሃይማኖት ምክንያት የማይጠጣ ሰው መኖሩ የተለመደ ነውና፣ ለስላሳ መጠጥ ይዞ ለሚቀመጥ ሰው 40 ዩሮ መክፈል የሚያስቆጭ ወጪ ነው።

ከአስጎብኚ ጋርም ሆነ ያለ አስጎብኚ፣ በዚህች ከተማ አንድ ጠማቂ ብቻ የሚጎበኝ ሰው ካንቲዮንን መምረጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። በ1900 የተመሠረተው ይህ ቤት ከ1978 ጀምሮ ሥራውን ሳያቋርጥ ሙዚየም ሆኖ ያገለግላል፤ ጎብኚው የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ በራሱ ፍጥነት ሕንፃውን ከዞረ በኋላ በዚያው ዋጋ ይቀምሳል። ልዩ የሚያደርገው አጠማመቁ ነው። ከገብስ ብቅልና ከስንዴ የተቀቀለው ፈሳሽ ጣሪያ ሥር ባለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው የመዳብ ገንዳ ውስጥ ይፈስሳል፤ እዚያም ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ያድራል። ማንም እርሾ አይጨምርበትም፤ በአየሩና በአሮጌው ሕንፃ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን በራሳቸው ይገቡበታል። በሞቃት ወራት ጎጂ ባክቴሪያ ስለሚበዛ ጠመቃው የሚካሄደው በግምት ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ባለው ቀዝቃዛ ጊዜ ብቻ ነው፤ በጁላይ የሚሄድ ጎብኚ ገንዳውን ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ቢራን የሚያመርረው ሆፕስ የተባለው ተክልም ሆን ተብሎ ለዓመታት እንዲቆይ የተደረገ ነው፤ የሚፈለገው ምሬቱ ሳይሆን ቢራውን ከብልሽት የመጠበቅ ኃይሉ ስለሆነ። ከዚያ ቢራው ወደ እንጨት በርሜል ይገባል፤ የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመት ላምቢክ ተቀላቅሎ በጠርሙስ ውስጥ እንደገና ሲፈላ ገዝ የተባለው ቢራ ይሆናል። በቀዝቃዛ ላገር ያደገ አፍ የመጀመሪያውን ጉንጭ ሊተፋው ይቃጣል፤ የሰነበተ ጠላ የለመደ ሰው ግን ኮምጣጣነቱን ያውቀዋል፤ ሁለተኛውን ብርጭቆ ለመጠየቅም አይዘገይም።

ይህንን ሁሉ ማየት የአንድ ሰዓት ያህል ጉዳይ ነው፤ ነገር ግን ቀኑን በደንብ ካልመረጡ ጨርሶ አያዩትም። ካንቲዮን ረቡዕና እሑድ ዝግ ነው፤ በሚሠራባቸው ቀናትም አመሻሹን ሳይጠብቅ ይዘጋል። ስለዚህ ምን ዓይነት ትኬት ቢገዛ ጉብኝቱ ከካንቲዮን መጀመር አለበት፤ ይህን ቅደም ተከተል እንደ ልብ ማስተካከል የሚቻለው ደግሞ በትራም በሚጓዙበት ጊዜ ነው። የእኔ ምርጫ ዓርብ ወይም ቅዳሜ ነው፤ ምክንያቱም ክሌማንሶ በተባለው የሜትሮ ፌርማታ አጠገብ ያለው የአንደርሌክት ቄራ ገበያ የሚቆመው ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ሲሆን፣ በባዶ ሆድ ኮምጣጣ ቢራ ከመጠጣት በፊት በርካሽ የሚበላ ነገር እዚያ ይገኛል። ከክሌማንሶም ሆነ ከሚዲ ባቡር ጣቢያ ካንቲዮን ለመድረስ አሥር ደቂቃ ያህል በእግር መሄድ ይበቃል።

ስለ ትራሙ ትኬት አሠራር ጥቂት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በባንክ ካርድ ወይም በስልክ መሣሪያውን ነክተው ሲሳፈሩ በእያንዳንዱ ጉዞ ይከፈላል፤ ነገር ግን በአንድ ቀን ውስጥ የሚቆረጠው ጠቅላላ ገንዘብ ከተወሰነ ጣሪያ አያልፍም፤ ይህም ጣሪያ ከ10 ዩሮ በታች ነው። ጣሪያው የሚሠራው ቀኑን ሙሉ አንድ ካርድ ሲጠቀሙ ብቻ ስለሆነ፣ ጠዋት በካርድ ከሰዓት በስልክ መክፈል ኪሳራ ነው፤ እያንዳንዱ ተሳፋሪም የራሱ ካርድ ሊኖረው ይገባል። ሁሉም ፌርማታዎች በፈረንሳይኛና በደች ስለሚጻፉ፣ «ሚዲ» እና «ዛውድ» የሚሉት ሁለት ጽሑፎች ያንኑ ጣቢያ እንደሚያመለክቱ ልብ ይበሉ። ለዚህ ጉብኝት የሚመቸው የቦዩን አቅጣጫ ይዞ የሚሄደው የ51 ቁጥር ትራም ነው፤ ሆኖም በሚዲ አካባቢ ለሦስተኛው ሜትሮ መስመር በሚካሄደው ቁፋሮ ምክንያት መስመሮች ስለሚለዋወጡ፣ ከመነሳትዎ በፊት የስቲብን መተግበሪያ መመልከት አስፈላጊ ነው። ትራሙ ቢቋረጥ እንኳ ከካንቲዮን እስከ ዳንሳር ጎዳና ጫፍ ያለውን መንገድ ጤነኛ ሰው በእግሩ ይጨርሰዋል። የአውቶቡሱ ተሳፋሪ ይህን የመሰለ ነፃነት የለውም፤ መስመሩ ከተቋረጠ ቀኑም ተቋረጠ ማለት ነው።

የቀኑን መጨረሻ በብራስሪ ደ ላ ሴን ማድረግን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱ ደግሞ የአልኮል መጠን ነው። የዚህ ቤት ታራስ ቡልባ የተባለው ቢራ 4.5 በመቶ አልኮል ብቻ አለው፤ በአንድ 33 ሳንቲ ሊትር ብርጭቆ ውስጥ 12 ግራም ገደማ አልኮል ማለት ነው። በመሐል ከተማ ቡና ቤቶች በብዛት የሚቀርበው ትሪፕል የተባለ ባለ 8 በመቶ ጠንካራ ቢራ ግን በዚያው መጠን 21 ግራም ገደማ ይይዛል። በአገር ቤት ድራፍት ልክ እየቆጠረ አራት ትሪፕል የጠጣ ሰው ሰባት ያህል የታራስ ቡልባ ብርጭቆ እንደጠጣ መቁጠር አለበት። አስጎብኚ ያለው ጉብኝት አንድ የማይካድ ጥቅም የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው፤ መጠኑን አስቀድሞ የሚወስንልዎት ሰው አለ። በትራም የሚሄድ ሰው ይህን ገደብ ለራሱ ማበጀት ይኖርበታል። መኪና ተከራይቶ መዞር ግን በንጽጽሩ ውስጥ ያልገባው በደም ውስጥ የሚፈቀደው የአልኮል መጠን በቤልጂየም ለአሽከርካሪ በሊትር 0.5 ግራም ብቻ ስለሆነ ነው።

ጊዜው አጭር ሆኖ፣ ለምሳሌ በሁለት ባቡሮች መካከል አራት ሰዓት ብቻ ላለው ሰው፣ ከሦስቱ አንዱንም መግዛት አያስፈልገውም። ሚዲ ጣቢያ ሻንጣውን አስቀምጦ በእግሩ ካንቲዮን ደርሶ፣ ለርሚታዥ ክፍት ከሆነ እዚያ አንድ ብርጭቆ ጨምሮ ይመለሳል። ካንቲዮን በሚዘጋበት ረቡዕ ወይም እሑድ የደረሰ ደግሞ በፎንቴና አደባባይ ወዳለው ሙደር ላምቢክ የተባለ ቡና ቤት ቢሄድ፣ ጠመቃውን ባያይም የከተማዋን ጠማቂዎች ቢራ ከድራፍቱ ያገኛል።

ጠርሙስ ለመግዛት ላሰቡ፣ ካንቲዮን የመጀመሪያው ፌርማታ መሆኑ ጉዳት አለው፤ ባለ 75 ሳንቲ ሊትር ከባድ ጠርሙሶችን ቀኑን ሙሉ መሸከም ማለት ነውና። የደ ላ ሴን ቢራዎች በከተማዋ ሱቆችም ስለሚገኙ ከጠማቂው በር ላይ መሸከም አያስፈልግም፤ ከካንቲዮንም ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኘውን አንድ ወይም ሁለት ብቻ ቢመርጡ ይበቃል። በአውሮፕላን የሚመለሱ ከሆነ ጠርሙሱ በእጅ ሻንጣ ስለማይፈቀድ፣ በልብስ ተጠቅልሎ ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ መሐል ላይ ይቀመጥ።