ብላክማጂክ ፖኬት 6ኬ ፕሮ፦ ምስሉ ግሩም ነው፣ የቀረው ግን መሟላት አለበት

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ብላክማጂክ ፖኬት ሲኒማ ካሜራ 6ኬ ፕሮ ብዙ አዳዲስ ተፎካካሪ ቢመጣበትም እስካሁን ከባለሙያ እጅ አልወጣም። ምክንያቱ የሚሰጠው ምስል ነው። ነገር ግን ከካርቶኑ አውጥቼ፣ ባትሪ ከትቼ ቀረጻ ልውጣ የሚል ሰው ግማሽ ቀን ሳይሞላ ይቸገራል። ኃይል፣ ማከማቻና አስተማማኝ መግጠሚያ ካልተሟላለት ይህ ዕቃ ግማሽ ካሜራ ነው። ገንዘቡን የሚያሰላ ገዢ ከሁለተኛ ሌንስ በፊት እነዚህን ሦስቱን ያስቀድም።

ሰንሰሩ (ብርሃኑን ወደ ምስል የሚቀይረው ክፍል) ሱፐር 35 የተባለው የሲኒማ መጠን ነው፤ 23.10 በ12.99 ሚሊ ሜትር። ሙሉውን ሲጠቀም 6144 በ3456 ፒክስል በሰከንድ እስከ 50 ፍሬም ይቀርጻል፤ ከላይና ከታች ተቆርጦ በ2.4፡1 ሲሆን 60 ይደርሳል። 120 ፍሬም የሚፈልግ ወደ 2.8ኬ ወይም ወደ ኤችዲ መውረድ አለበት። በ2.8ኬ የሚሠራው የሰንሰሩ መሀል ብቻ ስለሆነ የእይታው ስፋት በጣም ይጠብባል፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ ስሎው ሞሽን ያቀደ ሰው ሰፊ ሌንስ ይያዝ። አምራቹ የሚናገርለት 13 ስቶፕ ዳይናሚክ ሬንጅ (ከጨለማው እስከ ደማቁ በአንዴ የሚይዘው ስፋት፤ አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ነው) በተግባር የሚታየው ፊት ላይ ነው፤ ከመስኮት ብርሃን ወደ ጥላ የሚሄደው የቆዳ ቀለም ሳይሰበር፣ ቀስ እያለ ይወርዳል።

አይኤስኦው፣ ማለትም ለብርሃን ያለው ስሜት፣ ሁለት መነሻ አለው፤ 400 እና 3200። ከ100 እስከ 1000 ያለው በመጀመሪያው፣ ከ1250 ጀምሮ ያለው በሁለተኛው ይሠራል። ስለዚህ 1250 ላይ ያለው ጥላ 1000 ላይ ካለው የጸዳ ነው። ማታ እየቀረጹ ቁጥሩ እንዳይጨምር ብሎ 1000 ላይ መቆየት ምስሉን ያለ ምክንያት ያቆሽሻል። በብላክማጂክ ሮው (የካሜራው ጥሬ የምስል ፎርማት) የተቀረጸ ምስል አይኤስኦው በዳቪንቺ ሪዞልቭ (የአምራቹ የቅንብር ሶፍትዌር) ውስጥ ሊለወጥ ይችላል፤ ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው መሻገር ግን አይቻልም። ቀን ላይ ደመናና ነጭ ልብስ እንዳይቃጠል ከ400 ይልቅ 800 ላይ አድርጎ ብርሃኑን በኤንዲ (ብርሃን በሚቀንስ ግራጫ ፊልተር) መቀነስ ይሻላል፤ ለደማቁ ክፍል አንድ ስቶፕ ትርፍ ይገኛል።

ፕሮ የሚለውን ስም ያስገኘለትም ውስጡ ያለው ኤንዲ ነው። 2፣ 4 እና 6 ስቶፕ ያላቸው ፊልተሮች በቁልፍ ትእዛዝ በሞተር ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ጥቅማቸው ፍጥነት ብቻ አይደለም። ከሌንስ ፊት የሚገጠም ርካሽ ኤንዲ የሚታየውን ብርሃን ሲቀንስ ኢንፍራሬዱን ያሳልፋል፤ ያኔ ጥቁር ኮት ወደ ቡናማ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። አጠገቡ ያለው ጥቁር ሱሪ ጨርቁ ሌላ ስለሆነ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ይህን በቀለም ማስተካከያ ለማረም መሞከር አድካሚ ነው። የካሜራው ፊልተሮች ኢንፍራሬዱንም አብረው እንዲቀንሱ የተሠሩ ናቸው። እየዞረ ጥቁረቱ እንደሚለዋወጠው ቫሪያብል ኤንዲ በሰፊ ሌንስ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጥላም አያመጡም።

6 ስቶፕ ግን ሁልጊዜ አይበቃም። በጠራራ ፀሐይ፣ በ25 ፍሬም፣ በ180 ዲግሪ ሻተር (1/50 ሰከንድ ማለት ነው)፣ በአይኤስኦ 400 ስድስቱም ስቶፕ ገብቶ ትክክለኛው የሌንስ መክፈቻ ኤፍ 5.6 ገደማ ይሆናል፤ በ800 ደግሞ ኤፍ 8። በኤፍ 2.8 ጀርባውን አደብዝዞ መቅረጽ የፈለገ ሰው በ400 ሌላ 2 ስቶፕ፣ በ800 ሌላ 3 ስቶፕ ከፊት መጨመር አለበት። ለዚህ ኢንፍራሬድ የሚቆርጥ አንድ ጥሩ ፊልተር በማት ቦክስ (ከሌንስ ፊት በሚቆም የፊልተር መያዣ) መያዝ ይበቃል።

ወደ ማከማቻው እንምጣ። ሲፋስት 2.0፣ ዩኤችኤስ-2 ኤስዲ ካርድና በዩኤስቢ ሲ የሚገናኝ ኤስኤስዲ ይቀበላል። ሙሉው 6ኬ በ25 ፍሬም፣ በ8፡1 ጭመቃ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ይጽፋል፤ በ12፡1 ደግሞ 67 ያህል። ቪ90 የተባለ ኤስዲ ካርድ ዋስትና የሚሰጠው ለ90 ሜጋባይት ስለሆነ 12፡1ን በምቾት ይይዛል፣ 8፡1ን ግን በዕድል ነው። 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ በ8፡1 ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ይቀርጻል። ኪው0 እና ኪው5ን የመሳሰሉት ቋሚ የጥራት ምርጫዎች የሚጽፉት መጠን እንደ ምስሉ ይዋዥቃል። የዛፍ ቅጠልና ወራጅ ውኃ ሲበዛ ኪው0 ሳይታሰብ ይንርና ፍሬም ያስጥላል።

የኤስኤስዲ ጠንቁ ኬብሉ ነው። ዩኤስቢ ሲ መቆለፊያ የለውም፤ ኬብሉ ትንሽ ሲጎተት ግንኙነቱ ይቋረጣል፣ ቀረጻው ይቆማል፣ የመጨረሻው ፋይልም ሊበላሽ ይችላል። መድኃኒቱ ሁለት ነው፤ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አጭር ኬብል፣ እና ሶኬቱን ከኬጁ (ካሜራውን ከሚከበው የብረት ማቀፊያ) ጋር አጥብቆ የሚይዝ ክላምፕ። ኤስኤስዲው በቬልክሮ ሳይሆን በራሱ መያዣ ይታሰር። ፎርማት ሲደረግ በማክ ብቻ የሚሠራ ቡድን ኤችኤፍኤስ ፕላስን ይምረጥ፤ ጆርናሊንግ (ለውጡን አስቀድሞ የሚመዘግብ ዘዴ) ስላለው ድንገተኛ መቋረጥን ከኤክስፋት በተሻለ ይቋቋማል። ካሜራው ፍሬም ሲጥል ምን ያድርግ የሚለው ቅንብርም ከቀረጻ በፊት ይታይ፤ ሊደገም ለሚችል ድራማ "ቀረጻ አቁም"፣ ለማይደገም ሥነ ሥርዓት ደግሞ "አስጠንቅቅ" ቢደረግ ይሻላል።

አብሮት የሚመጣው ኤንፒ-ኤፍ570 ባትሪ አንድ ሰዓት ገደማ ነው የሚያገለግለው። ሁለት ተጨማሪ የሚይዝ ግሪፕ አለ፤ የእጅ ቀረጻ ላይ ጥሩ ነው። ሙሉ ቀን ለሚሠራ ግን 98 ዋት-ሰዓት የሆነ ቪ-ማውንት የተባለ ትልቅ የውጭ ባትሪ ነው ትክክለኛው መንገድ። ካሜራውን ብቻ ቢመግብ ወደ 4 ሰዓት ይጠጋል፤ ሞኒተርና ሽቦ አልባ አስተላላፊ ሲጨመርበት ግን ይህን አይጠብቁ። ከ100 ዋት-ሰዓት በታች መሆኑ በአውሮፕላን በእጅ ሻንጣ ያለ ልዩ ፈቃድ ለመያዝም ይመቻል።

ካሜራውና ሞኒተሩ በዲ-ታፕ (በባትሪው ላይ ባለው የኃይል መውጫ) ከአንድ ባትሪ ሲመገቡ የአሰካኩ ቅደም ተከተል እንደ ቀላል መታየት የለበትም። ኤችዲኤምአዩ አስቀድሞ ተሰክቶ ሳለ የአንደኛው ዲ-ታፕ ኔጌቲቭ መስመር ዘግይቶ ከነካ፣ ጅረቱ መመለሻውን በኤችዲኤምአይ ኬብሉ በኩል ያገኛል፤ ወደቡን የሚያቃጥለው ይህ ነው። መጀመሪያ ኃይሉ ሁሉ ይሰካ፣ ኤችዲኤምአይ መጨረሻ ላይ ይግባ፤ ሲነቀል ደግሞ ኤችዲኤምአዩ ይቅደም። በነገራችን ላይ ይህ ወደብ የሚያወጣው 1080 ብቻ ስለሆነ ለሞኒተር እንጂ ለ6ኬ የውጭ ሪከርደር አይሆንም።

ሌንስ የሚይዘው በካነን ኢኤፍ ማውንት ነው። ከፉል ፍሬም ጋር ሲነጻጸር 1.56 እጥፍ ስለሚጠብብ 24 ሚሊ ሜትሩ እንደ 37 ያያል። ኢኤፍ ለፎቶ የተሠራ ማውንት በመሆኑ ትንሽ ጨዋታ አለው። የፎሎው ፎከሱ (የሌንሱን ፎከስ የሚያዞረው መሣሪያ) ሞተር አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር ሌንሱ በጥቂቱ ይዞርና ምስሉ ወደ ጎን ይዘላል፤ ስክሪኑ ላይ ባይታወቅ ትልቅ ማሳያ ላይ ያሳፍራል። በ15 ሚሊ ሜትር ዘንግ ላይ የሚቆም የሌንስ ደጋፊ አብዛኛውን ችግር ይፈታል። ኬጅ ሲመረጥ እጀታው በአንድ ብሎን ብቻ እንዳይታሰር መታየት አለበት፤ መዞርን የሚከለክሉ ፒኖች ከሌሉት ሲውል ሲያድር ይላላል። ትራይፖድ ሳህኑም እንዲሁ ነው።

ድምፁ አያሳስብም። ሁለት ሚኒ ኤክስኤልአር የማይክ መግቢያ ከ48 ቮልት የማይክ ኃይል ጋር አለው፤ መደበኛውን ማይክ ለመሰካት መቀየሪያ ኬብል ያስፈልጋል። በ3.5 ሚሊ ሜትሩ መግቢያ ታይምኮድ (ካሜራዎችን የሚያቀናጅ የሰዓት ምልክት) መቀበሉ ብዙ ካሜራ ለሚያሰልፍ ቡድን ትልቅ እፎይታ ነው።

የሌለውን ደግሞ ሳይሸፋፍኑ መናገር ያስፈልጋል። የሚንቀሳቀስ ሰውን የሚከተል አውቶ ፎከስ የለውም፤ ቁልፍ ሲጫኑ አንዴ ብቻ ያስተካክላል። ሰንሰሩ በራሱ አይረጋጋም። የሚቀዳው የጋይሮ (የካሜራውን እንቅስቃሴ የሚለካው ክፍል) መረጃ በሪዞልቭ ውስጥ ምስሉን ያረጋጋል፤ ሻተሩ ፈጣን ካልሆነ ግን የእንቅስቃሴው ብዥታ ይቀርና ምስሉ ሳይነቃነቅ ይደበዝዛል። ስክሪኑ ደማቅ ነው፣ 1500 ኒት፤ ወደ ላይና ወደ ታች እንጂ ወደ ፊት አይዞርም። ሞዋሬን የሚያለሰልስ ኦፕቲካል ፊልተርም ስለሌለው ደቃቅ ጥለት ያለው ሸሚዝና የሩቅ ጡብ ግድግዳ ቀስተ ደመና መሳይ ሞገድ ያሳያሉ፤ አልባሳት ከቀረጻው ቀን በፊት በካሜራው ቢታዩ ይመረጣል።

ብቻውን እየሮጠ የሚቀርጽና አውቶ ፎከስ ላይ የሚደገፍ ሰው ሶኒ ኤፍኤክስ3ን ቢያይ ይሻለዋል፤ የውስጥ ኤንዲ ግን አያገኝም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የብላክማጂክ ፉል ፍሬም ሲኒማ ካሜራ 6ኬ ኦፕቲካል ፊልተር አለው፣ እሱም ቢሆን ኤንዲ የለውም። ለድራማ፣ ለሙዚቃ ቪዲዮና ለማስታወቂያ፣ ፎከስ የሚይዝ ረዳት ባለበት ሁሉ፣ ፕሮው አሁንም ቀዳሚ ምርጫ ነው።

አገልግሎት ላይ የዋለውን የሚገዛ ሰው ሦስቱንም ኤንዲ ደጋግሞ ያስገባ፣ ያውጣ፤ ሞተሩ የሚንገጫገጭ ከሆነ ይተወው። ኤስኤስዲ ሰክቶ እየቀረጸ ኬብሉን ቀስ አድርጎ ያንቀሳቅስ። የሌንስ ክዳን ዘግቶ በ3200 አንድ ደቂቃ ቀርጾ የሚያበሩ ነጥቦችን ይፈልግ። ከካሜራው ጋር የሚመጣው የዳቪንቺ ሪዞልቭ ስቱዲዮ ቁልፍ ሻጩ ዘንድ እንዳለና ከኮምፒውተሩ እንደተላቀቀም ከመክፈሉ በፊት ያረጋግጥ።