ማቱሪን፦ የረስት ሞጁልን ለፓይተን የሚያሰናዳው መሣሪያ ሲመዘን

አንድ የፓይተን ፕሮግራም ሲንቀረፈፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎትተው አንድ ወይም ሁለት ፈንክሽን ነው። ያንን ቁራጭ ረስት በተባለው ፈጣን የፕሮግራም ቋንቋ ጽፎ ፓይተን እንደ ማንኛውም ሞጁል እንዲጠራው ማድረግ ይቻላል። የሚያደክመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ የተጻፈውን በሊኑክስ፣ በዊንዶውስና በማክ ላይ ያለ ኮምፓይለር የሚጫን ጥቅል፣ ማለትም ዊል፣ አድርጎ ማውጣት። ማቱሪን የሚሸከመው ይህን ሸክም ነው። ሁለቱን ቋንቋዎች የሚያገናኘው ፓይኦ3 የተባለው የረስት ላይብረሪ ሲሆን፣ ማቱሪን ራሱም ቀድሞ ፓይኦ3-ፓክ ይባል ነበር።

አጀማመሩ ላይ የሚወቀስበት ነገር የለም። «ማቱሪን ኒው» ሲባል የካርጎውን (የረስት መገንቢያ መሣሪያ) ፋይል፣ የፓይፕሮጀክቱን (የፓይተን ጥቅል መግለጫ) ፋይልና ናሙና ኮድ አዘጋጅቶ ይሰጣል፤ በየሲስተሙ ዊል የሚገነባ የጊትሃብ አክሽንስ ፋይልም ይጨምርበታል። ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ለፕሮጀክቱ ብቻ የተለየ የፓይተን ቦታ) ከፍቶ፣ ሞጁሉን ገንብቶ እዚያ የሚጭነውን «ማቱሪን ዴቨሎፕ» ማለት ብቻ ይቀራል። ኢንቫይሮመንቱን ካላገኘ ሥራውን አቁሞ ይናገራል እንጂ የሲስተሙን ፓይተን አይነካካም፤ ደግ አድርጓል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፍጥነት ሲለካ ነው። «ዴቨሎፕ» ሌላ ነገር ካልታዘዘ የሚገነባው በዲበግ ሁነታ፣ ማለትም ለፍጥነት ሳይሆን ስህተት ለመፈለግ በሚያመች መልክ፣ ነው። የረስት ኮድ በዲበግ ሁነታ እጅግ ይዘገያል፤ አንዳንዴ ከሚተካው የፓይተን ኮድም ብሶ ሊገኝ ይችላል። «ረስት ምንም አልጠቀመኝም» ከማለት በፊት «ሪሊስ» የሚለውን አማራጭ ጨምሮ እንደገና መለካት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ወጥመድ ስም ነው። በካርጎ ፋይሉ የላይብረሪው ስምና በኮዱ ውስጥ «ፓይሞጁል» የሚል ምልክት የተደረገበት ስም አንድ መሆን አለባቸው። በፓይፕሮጀክቱ ፋይል የሞጁል ስም ከተጻፈም የመጨረሻው ክፍል ከእነዚሁ ጋር መግጠም አለበት። በስሙ ሰረዝ ካለ በሞጁሉ ውስጥ ወደ ታችኛው መስመር (_) ይለወጣል። ሳይገጥሙ ሲቀሩ ግንባታው ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥቶ ያልቃል፤ ስህተቱ የሚፈነዳው «ኢምፖርት» ሲደረግ ነው። ምክንያቱም ፓይተን ፋይሉን ከፍቶ የሚፈልገው «ፓይኢኒት» ብሎ በሞጁሉ ስም የሚጨርስ መግቢያ ነው፤ ካጣው ፋይሉ ሙሉ ቢሆንም አይጭነውም። ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን ሳያነቡ ማለፍ ዋጋ ያስከፍላል።

ፓይተንና ረስት የተቀላቀሉበት ፕሮጀክት ከሆነ ደግሞ የፓይተኑን ኮድ «ፓይተን» በሚባል ለብቻው በሆነ ፎልደር ማስቀመጥና ይህንኑ በፓይፕሮጀክቱ ፋይል ማመልከት ይሻላል። በዋናው ፎልደር ከተተወ ፓይተን እዚያው ሲነሳ የተጫነውን ትቶ አጠገቡ ያለውን ሊያነሳ ይችላል፤ የተገነባው ሞጁል በውስጡ ካልተገኘ ደግሞ «የለም» ይላል።

ከሦስቱ ሲስተሞች ብዙ ማብራሪያ የሚፈልገው ሊኑክስ ነው። በአዲስ ዲስትሪቢውሽን ላይ የተገነባ ሞጁል የአዲሱን ጂሊብሲ (የሊኑክስ መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ) ምልክቶች፣ ማለትም የፈንክሽን ስሞች፣ ይጠይቃል፤ አሮጌ ሲስተም ላይ ሲጫን ምልክቶቹ ስለሌሉ ይወድቃል። የፓይተን ጥቅሎች ማከማቻ የሆነው ፓይፒአይ ተራ የሊኑክስ መለያ ያለውን ዊል የማይቀበለው ለዚህ ነው፤ የሚፈልገው ዊሉ በየትኞቹ ሊኑክሶች እንደሚሠራ የሚናገረውን የሜኒሊኑክስ መለያ ነው። ማቱሪን የተገነባውን ፋይል ራሱ መርምሮ የሚገባውን መለያ ይሰጠዋል፤ ይህ በሌሎች መሣሪያዎች ለብቻው የሚሠራ እርምጃ ነው። ወደ አሮጌ ሲስተም ለመድረስ ሁለት መንገድ አለ፦ በሜኒሊኑክስ 2014 ኮንቴይነር ውስጥ መገንባት፣ ወይም «ዚግ» የሚለውን አማራጭ ሰጥቶ ዚግ የተባለው ቋንቋ ይዞት በሚመጣው ሊንከር (የተገነቡ ቁራጮችን በሚገጣጥመው መሣሪያ) ማገናኘት። ዚግ ኮንቴይነር ስለማይጠይቅ ቀላሉ እሱ ነው። ሁለቱም የሚደርሱት እስከ ጂሊብሲ 2.17 ነው፤ ረስት ራሱ ከ1.64 ጀምሮ ከዚያ በታች አይሄድም። አልፓይን የተባለው ሊኑክስ በጂሊብሲ ፈንታ ሙስልን ስለሚጠቀም የራሱ ዊል ያስፈልገዋል።

ኮዱ እንደ ኦፕንኤስኤስኤል (የምስጠራ ላይብረሪ) ያለ የውጭ ላይብረሪ ሲጎትት ነገሩ ይወሳሰባል። ማቱሪን ላይብረሪውን ዊሉ ውስጥ ለማካተት ይሞክራል፤ ለዚህም ፓችኤልፍ የተባለው መሣሪያ መጫን አለበት። ከዚህ ሁሉ በኦፕንኤስኤስኤል ፈንታ በረስት የተጻፈውን ረስትልስ መጠቀም ይቀልላል፤ የሚካተት ነገር አይኖርም።

በዊንዶውስ ዋናው ነገር የማይክሮሶፍት ሲ++ ግንባታ መሣሪያዎች መኖራቸው ነው። ያለ እነሱ ረስት ሊንከር አላገኘሁም ብሎ ይቆማል። ባለ 32 ቢት ፓይተን ከባለ 64 ቢት የረስት ቱልቼይን (የመገንቢያ መሣሪያዎች ስብስብ) ጋር አይሄድም፤ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ቀድሞ ማየት ብዙ ሰዓት ያተርፋል። ሌላው ሞጁሉን የጫነ የፓይተን ፕሮሰስ ክፍት ከሆነ ዊንዶውስ ፋይሉን ስለሚቆልፈው እንደገና መገንባት አለመቻሉ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ተረስቶ የቀረ የጁፒተር ኖትቡክ ነው።

ማክ ላይ ሥራው ጸጥ ያለ ነው። በቀጥታ በካርጎ ሲገነባ ሊንከሩ የፓይተንን ምልክቶች አጣሁ ብሎ ይወድቃል፤ ማቱሪን ግን ምልክቶቹ በሚጫኑበት ሰዓት እንዲፈለጉ የሚያዝዘውን አማራጭ ራሱ ስለሚሰጥ ችግሩ አይታይም። ለኢንቴልም ለአፕል ሲሊከንም የሚሆን አንድ ዊል ከተፈለገ የሁለቱን ታርጌቶች (የፕሮሰሰር ዓይነቶች) የረስት መጫኛ በሆነው በረስትአፕ መጨመርና «ዩኒቨርሳል2» ብሎ መገንባት በቂ ነው።

የዊሎቹን ብዛት የሚቀንሰው ኤቢአይ3፣ ማለትም አንድ ዊል በብዙ የፓይተን ቨርዥኖች ላይ እንዲሠራ የሚያደርገው የተረጋጋ መገናኛ፣ ነው። 5 የፓይተን ቨርዥኖችን በ5 ዓይነት ሲስተምና ፕሮሰሰር ላይ ለመደገፍ 25 ዊል ያስፈልጋል፤ በኤቢአይ3 ግን 5 ይበቃል። በካርጎ ፋይሉ በፓይኦ3 ባሕርያት (ፊቸርስ) ውስጥ ዝቅተኛውን ቨርዥን መጻፍ ብቻ ነው፤ የቀረውን ማቱሪን ያውቃል። ነጻ አይደለም ግን፦ ከፓይተን 3.11 በታች ያለውን ዝቅተኛ ቨርዥን ላደረገ ሞጁል የበፈር ፕሮቶኮል (ዳታን ሳይገለብጡ መጋሪያ) አይገኝም፤ የ3.13 እና የ3.14 ጊል አልባ (ትሬዶችን አንድ በአንድ የሚያስኬደው የፓይተን ቁልፍ የሌለባቸው) ግንባታዎችም ኤቢአይ3ን አይቀበሉም፣ ለእነሱ የተለየ ዊል ማውጣት ግድ ነው።

ትልቁ ቅሬታ ከማቱሪን ይልቅ የፓይኦ3 ነው። ስሞችና አሠራሮች በየቨርዥኑ ይለዋወጣሉ። በ0.21 የፓይተን ዕቃዎችን በረስት ለመያዝ «ባውንድ» የሚባለው አሠራር መጥቶ የቆየውን ኮድ ብዙውን አስቀይሯል፤ በ0.26 ደግሞ ጊልን ለመልቀቅ የሚያገለግለው «አላው ትሬድስ» ስሙ «ዲታች» ሆኗል። በካርጎ ፋይሉ ቨርዥኑን ቆልፎ ማስቀመጥና ለማሻሻል ሲታሰብ የሽግግር መመሪያውን ማንበብ የግድ ነው። ከድሮ ቨርዥን የተቀዳ ናሙና ኮድ አልሠራ ሲልም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው።

በሲ++ የተጻፈ ብዙ ኮድ ላለው ፕሮጀክት ማቱሪን ትክክለኛ ምርጫ አይደለም። ጥቂት የሲ ፋይሎችን በግንባታ ስክሪፕትና በሲሲ ክሬት (የረስት ጥቅል) ማስገባት ይቻላል፤ ሲሜክ የተባለውን መገንቢያ ለሚጠቀም ትልቅ ኮድ ግን ሳይኪት-ቢልድ-ኮር፣ ሜሰን ለሚጠቀም ደግሞ ሜሰን-ፓይተን ይሻላሉ። ሞጁሉን ከባዶ በረስት ለሚጀምር ሰው ግን ተመሳሳይ ሥራ ከሚሠራው ከሴትአፕቱልስ-ረስት ይልቅ ማቱሪንን ማስቀደሙ አያጠያይቅም።