አምባሳደር አካባቢ ላለው የኮምፒውተር ባለሙያ ምስጋና ይድረሰው

ወዳጆቼ፣ ላፕቶፕ የሚያይላችሁ ሰው የምትፈልጉ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። አምባሳደር አካባቢ፣ አንድ ፎቅ ላይ፣ በጠባብ ክፍል የሚሠራ ልጅ አለ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ከጭንቅ አውጥቶኛል።

እኔ ጠበቃ ነኝ። የደንበኞቼን ሰነድ የማስቀምጠው ኡቡንቱ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ሲስተም) በተጫነበት ላፕቶፕ፣ ኢንክሪፕት በተደረገ፣ ማለትም ያለ ቁልፉ በማይነበብ ፎልደር ውስጥ ነው። ፓስወርዴን አስገብቼ ስገባ ፎልደሩም አብሮ ይከፈታል። ስክሪኑ ተሰንጥቆብኝ አንድ ቤት ለጥገና ሰጠሁት። ስልክ እንኳን ሳይደውሉልኝ ፓስወርዴን ሰብረው በራሳቸው ቀየሩት። ከዚያ በኋላ ላፕቶፑ ይከፈታል፣ ፎልደሩ ውስጥ ግን ከሁለት ትንንሽ ፋይሎች በቀር ምንም የለም። የስንት ሰው ውርስ፣ የስንት ሰው የቤት ክርክር! ተመልሼ ስጠይቅ "እኛ ስክሪን ነው የቀየርነው" አሉኝ። ሌላ ቤት ደግሞ በቅጡ ሳያዩት "ጠፍቷል፣ ፎርማት ይደረግ" አሉ። ልደታ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ነበረኝ፤ እንቅልፍ አጣሁ።

ይህ ልጅ ግን አልተጣደፈም። ሁለቱን ፋይሎች አይቶ "ጋሼ፣ እነዚህ ካሉ ፎልደሩ ተዘግቶ ነው እንጂ ሰነዱ አልጠፋም" አለኝ። ምንም ከመንካቱ በፊት ሁሉንም ሌላ ዲስክ ላይ ገለበጠ። ከዚያ "የድሮውን ፓስወርድ ያስታውሱታል?" ሲል ጠየቀኝ። አስታውሰዋለሁ። ኪቦርዱን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጽፌ እስክጨርስ ዘወር አላለም። ሰው ምስጢሩን አምኖ የሚሰጠኝ ሰው ነኝና ይህቺ ነገር ልቤን ነካችው። ፎልደሩ ተከፈተ። አንድም ሰነድ አልጎደለም። ተመስገን!

እንደነገረኝ የፎልደሩ ቁልፍ የታሰረው በድሮው ፓስወርድ ነው፤ መግቢያው በጉልበት ሲቀየር ቁልፉ እዚያው ቀርቷል። ከዚህ ያለፈውን አትጠይቁኝ። አዲስ ፓስወርድ አስመርጦኝ መግቢያውንና የፎልደሩን ቁልፍ አስማማቸው። አጥፍቶ አስነሳው፣ ደግሞ አጥፍቶ አስነሳው፤ ፎልደሩ እንደ ድሮው ራሱ ተከፈተ። 32 ፊደልና ቁጥር ያለውን ዋናውን ቁልፍ ደግሞ በገዛ እጄ ወረቀት ላይ አስጻፈኝ። "ፎቶ እንዳያነሱት፣ ቤት ያስቀምጡት" አለኝ። እንዲህ የሚያስብልኝ ባለሙያ ገጥሞኝ አያውቅም።

የጠየቀኝም ሂሳብ ስክሪኑን ካሠራሁበት እጅግ ያንሳል። እባካችሁ፣ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ለዚህ ልጅ አሳዩት። አድራሻውን ለፈለገ ኢንቦክስ እልካለሁ። ጠዋት ወረፋ አለው፣ ከሰዓት ሂዱ።