ፓውንድ ወይስ ኪሎ? አሜሪካ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤት

ያደግንበትን ኪሎና ሊትር እንያዝ ወይስ የአገሩን ፓውንድና ጋሎን? እኔ ለሁለቱም ቦታ ቦታቸውን ሰጥቻቸዋለሁ።

መንገድ ላይ ከማይል ጋር መታገል ትርፍ የለውም። ምልክቱም የፍጥነት ገደቡም በእሱ ነው፤ 1 ማይል 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን ማወቅ ይበቃል።

ወጥ ቤት ግን ሌላ ነው። «አንድ ስኒ ዱቄት» ተጠቅጥቆ ሲሞላና ላላ ተደርጎ ሲነሰነስ ክብደቱ ይለያያል። ሚዛኑን ወደ ግራም ካዞርኩት ወዲህ የዳቦ ሊጤ አንድ ቀን ቀጥኖ ሌላ ቀን ጠጥሮ አያስቸግረኝም። ሳህኑን አስቀምጬ ሚዛኑን ወደ ዜሮ እመልሳለሁ፤ 500 ግራም ዱቄት፣ 350 ግራም ውሃ። 1 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ግራም ያህል ስለሚመዝን ሌላ መስፈሪያ አያስፈልገኝም።

ከሁሉም አጥብቄ የምይዘው የልጅ መድኃኒትን ነው። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ነው ይባላል፤ መሳቢያችን ውስጥ ያሉት ማንኪያዎች ግን እኩል አይደሉም። ሁለቱ ከተምታቱ ደግሞ ልጁ ሦስት እጥፍ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ በቤቴ ሚሊ ሊትር የተጻፈበት፣ መርፌ የሌለው ስሪንጅ ብቻ ነው የሚሠራው። እባካችሁ፣ ማንኪያውን ለሻይ ተዉት።

ትኩሳት ላይ ሁለቱንም በቃል መያዝ ያስፈልጋል፦ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ 100.4 ፋራናይት ነው። ለሐኪሙ በፋራናይት፣ ከአዲስ አበባ ደውላ «ስንት ሆነ?» ለምትለኝ እናቴ በሴልሺየስ እነግራለሁ።