የተቀበረ የናፍጣ ታንከር፦ ይውጣ ወይስ እዚያው ይሞላ?

ኮምቦልቻ ውስጥ ድሮ ወፍጮ ቤት ወይም ጋራዥ የነበረ ግቢ ከገዛችሁ፣ መሬት ውስጥ አሮጌ ታንከር ሊገኝ ይችላል።

ማውጣቱ ኪስ ይጎዳል። ኤክስካቫተር ይገባል፤ አንዳንዴም አጥር ይፈርሳል። ግን ከሥሩ ያለው አፈር ይታያል። ብረቱ ዝጎ ናፍጣ አፍስሶ ከሆነ፣ የተበከለው አፈር ተቆፍሮ ይነሳል። የጉድጓድ ውሃ ለሚጠቀም ወይም ለቦርከና ወንዝ ለሚቀርብ ሰው የምመክረው ይህንን ነው።

እዚያው መሙላት ይረክሳል። ናፍጣውና አተላው ወጥቶ ታንከሩ ይጸዳል፤ ከዚያ አሸዋ ወይም ቀጭን ኮንክሪት ይሞላል። አፈሩን ሳያስመረምሩ መድፈን ግን ጣጣውን ለቀጣዩ ገዢ ማውረስ ነው። ታንከሩ ቤቱ ሥር ከሆነ፣ በተለይ እንደ ደሴ ባለ ተዳፋት ላይ፣ ቁፋሮው መሠረቱን ሊያናጋ ስለሚችል መሙላቱ ይሻላል።

በሁለቱም መንገድ፣ «ባዶ ነው» ብሎ ብየዳ ማስጠጋት አይታሰብም። ውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳል።