ከሽያጭ በፊት የቤት ምርመራ፦ የትኛው ይጠገን፣ የትኛው ይተው?

የእናታችንን ቤት ለመሸጥ ስንነሳ ታላቅ ወንድሜ ወጥ ቤቱ ፈርሶ በአዲስ ይሠራ አለ፤ እህቴ ደግሞ ሁሉም እንዳለ ይሸጥ አለች። እኔ ገዢ ከማየቱ በፊት በባለሙያ እናስመርምረው ብዬ አሳመንኳቸው። የመረጥነው ድርጅት የሚመረምር እንጂ የሚጠግን አይደለም። ይህን ሆነ ብዬ ነው የፈለግሁት፤ ጉድለት ባገኘ ቁጥር ሥራ የሚያገኝ ሰው ጉድለት ማብዛቱ አይቀርምና።

መርማሪው ወጥ ቤቱን ቃኘት አድርጎ ወጣና ከአሸንዳው ጀመረ። መውረጃው የጣሪያውን ውሃ እግድግዳው ሥር ይደፋዋል፤ መሬቱም ወደ ቤቱ ያዘነብላል። መሬቱ ከመሠረቱ አንሥቶ በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትሮች 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት እንዳለበት ነገረን። ከዚያ መኝታ ቤት አስገብቶን ከግድግዳው ግርጌ ቀለሙ የተላላጠበትንና ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር የወጣበትን ቦታ አሳየን። ውሃ በግድግዳው ውስጥ ሲያልፍ ጨው አሟምቶ ይዞ ይወጣል፤ ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል። ወንድሜ ቀለም ቀቢ ሊጠራ ተነሥቶ ነበር። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ግን ያብጣል፣ ይላላጣል፤ ገዢም አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ተቀብቶ ሲያይ መጠርጠሩ ተገቢ ነው። ስለዚህ መውረጃውን አርቀን፣ አፈር ሞልተን፣ ግድግዳው እስኪደርቅ ጠብቀን ቀባን።

በልስኑ ላይ የነበሩትን ቀጫጭን ስንጥቆች «ሙሏቸውና ቀቡ» ብሎ አለፋቸው። ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ የብሎኬቱን መጋጠሚያ እየተከተለ እንደ ደረጃ የወረደው ስንጥቅ ዘንድ ሲደርስ ግን ቆመ። ስፋቱን ለካ፤ አጠገቡ ያለው በር በደንብ ይዘጋ እንደሆነም ሞከረ። በመጨረሻም ይህን መሐንዲስ እንጂ እኔ አልወስንም አለ። ይበልጥ ያመንኩት በዚህ ንግግሩ ነው። መሐንዲሱ የቆየና የረጋ ስንጥቅ መሆኑን በጽሑፍ ሰጠን፤ ወረቀቱን ለገዢዎች ከምናሳያቸው ሰነዶች ጋር አያያዝነው።

መርማሪው ቧንቧዎችን ሁሉ ዘግቶ የውሃ ቆጣሪውን ሲያይ ቆጣሪው ይዞራል። በመጸዳጃው የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ቀለም ጨመረ፤ ማንም ውሃ ሳይለቅ ቀለሙ ወደ መቀመጫው ወረደ። አንዲት ጎማ ተቀየረች፣ አበቃ። ለመታጠቢያ ቤቱ ሶኬት 30 ሚሊ አምፔር ያህል ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲያፈተልክ ኃይሉን የሚያቋርጥ መከላከያ እንድናስገባ አሳሰበን፤ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነውና ወዲያው አስገባን።

ወጥ ቤቱስ? የካቢኔቶቹ ማጠፊያ ጠበቀ፣ በመታጠቢያው ዙሪያ የጠቆረው ሲሊኮን ተቀየረ። ወንድሜ እስከ ዛሬ ቅር ይለዋል፤ እኔ ግን ገዢው በራሱ ምርጫ ሊያፈርሰው ለሚችል ወጥ ቤት ገንዘብ ማፍሰስ አልነበረብንም ባይ ነኝ።

ቅሬታዬ በሪፖርቱ ላይ ነው። የተደረደረው በየክፍሉ ስለሆነ የላላ የበር እጀታ ከኤሌክትሪክ አደጋ እኩል ቦታ ይዟል። አስቀድሞ ለሕይወት የሚያሰጋውን፣ ቀጥሎ ውሃ የሚያስገባውን፣ ከዚያ ለዓይን የሚታየውን፣ በመጨረሻም የሚተወውን እያልኩ እኔው በእስክሪብቶ ቁጥር ሰጠሁት። ለዚህ ሥራ የሚከፈለው ሰው ይህን ራሱ ማድረግ ነበረበት።

ሰው ሊኖርበት የሚገዛው ቤት ካላችሁ ያለማመንታት አስመርምሩ። ገዢው አፍርሶ ቦታውን ብቻ የሚፈልገው ከሆነ ግን ክፍያው አያስፈልግም።